የዕቁብ አፓችሁ ለምን ወደ ወረቀት አስመለሳቸው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የዕቁብ አፕ ሠርተናል። ዳኛው ዕቁቡን ይከፍታል፣ አባላት ይመዘገባሉ፣ ክፍያ በስልክ ይገባል፣ ዕጣው በራሱ ይወጣል። ዲዛይኑ ላይ ብዙ ለፍተናል። ያሳየነው ሰው ሁሉ ‹ዋው› ይላል። ግን ካወረዱት ሰዎች አብዛኞቹ ምዝገባው ላይ ይቀራሉ። ያለፉትም ከሁለት ከሦስት ዕጣ በኋላ ወደ ወረቀታቸው ይመለሳሉ። አሁን ነጥብ፣ ባጅ (የሽልማት ምልክት) እና የደረጃ ሰንጠረዥ ልንጨምርበት አስበናል። አፑ ይበልጥ ሳቢ እንዲሆን ሌላ ምን ይመክሩናል? ሊንኩን አያይዤዋለሁ።»

ሰላም ወንድሜ። አፑን ስልኬ ላይ ጭኜ ሁለት ቀን ስነካካው ሰነበትኩ። እውነትም ያምራል። ችግራችሁ የውበት ማነስ አይደለም። ድግሱን በሙሉ በር ላይ ደግሳችሁት ነው። ምዝገባው ላይ ሳንቲም ይንከባለላል፣ ባለቀለም ወረቀት ይበተናል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ የጠበቀው ዕጣ ሲወጣ ግን የምትልኩለት አንድ መስመር ነው፦ «የዚህ ሳምንት ዕጣ ለአባል ቁጥር 14 ወጥቷል።» በቃ።

እኔ ብሆን አኒሜሽኑን ሁሉ ሰብስቤ ዕጣው ላይ አፈሰው ነበር። ሌላው ቦታ ላይ አፑ ከሰው መንገድ ዞር ይበል። የባጁን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ፤ አልወደድኩትም።

ከበሩ እንጀምር። ምዝገባችሁ ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ፓስወርድ፣ ፓስወርድ ድጋሚ። ዕቁብ ስትገባ ልደትህን የጠየቀህ ዳኛ አለ? ኢሜይልስ?

«የቤተሰብ ስም» የምትለዋ ሳጥን ከውጭ ቴምፕሌት (ዝግጁ ቅጽ) እንደመጣች ታስታውቃለች። እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ሴትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ አንዱ እዚያ ላይ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሌላዋ «የባሌን ነው እንዴ?» ብላ ትቆማለች። መጨረሻ ላይ አፑ ዳዊት ተስፋዬ የሚባለውን ሰው «እንኳን ደህና መጡ አቶ ተስፋዬ» ብሎ ይቀበለዋል። አባቱን እኮ ነው የጠራው! እዚህ አገር «አቶ» የሚቀድመው የራስን ስም ነው። አንድ ሳጥን ይበቃል፦ «ሙሉ ስም»። ከሥሯ በትንሹ «ዕቁቡ መዝገብ ላይ እንዳለው» በሏት።

ስልክ ቁጥሬን በ07 ስጀምር «የተሳሳተ ቁጥር» አለኝ። ኮዳችሁ 09ን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳፋሪኮም ገበያው ከገባ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ ተመልሷል ማለት ነው፤ እናንተ ደግሞ አኒሜሽኑ አልሳበውም ብላችሁ አሰባችሁ። በተረፈ አንዱ በ0 ይጀምራል፣ አንዱ በ+251፣ አንዱ መሃል መሃል ላይ ክፍተት ይተዋል። ሁሉንም ተቀብሎ ማስተካከል የማሽኑ ሥራ ነው። ፓስወርዱን አውጡትና በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ይተካው። አሁን ስልኩን ለማረጋገጥ የምትልኩት ኮድ ግን በ30 ሴኮንድ ይቃጠላል፤ ኤስኤምኤስ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዘገያል። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ የተቃጠለ ኮድ ነው ያስገባሁት። አምስት ደቂቃ ስጡት።

ደግሞ ማንም ሰው ባዶ ሜዳ ላይ «ልመዝገብ» ብሎ አይመጣም። ዳኛዋ ስለጋበዘችው ነው የሚመጣው። ሊንኩን ሲነካ መጀመሪያ ዕቁቡን ያሳየው፦ የማን ዕቁብ እንደሆነ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ በሳምንት ስንት ብር እንደሆነ፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ። የሚያውቃቸውን ስሞች ካየ በኋላ ስሙን ጻፍ ብትለው ይጽፋል።

አሁን ወደ ቋንቋው። ቁልፎቻችሁ «ቀጥል»፣ «ላክ»፣ «አረጋግጥ»፣ «ሰርዝ» ይላሉ። ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው ነው የመጡት፤ እንግሊዝኛው ወንድ ሴት፣ ልጅ አዋቂ አይለይም። የኛ ግሥ ግን ይለያል። የስልሳ ዓመት እናት ዳኛ ሆነው ሃያ ሰው ሲያስተዳድሩ አፑ እንደ ሰፈር ጎረምሳ «ላክ!» ይላቸዋል። ቁልፎቹን በእርስዎ አድርጓቸው፦ «ይቀጥሉ»፣ «ይላኩ»። ሜኑው ላይ ደግሞ ስም ብቻ ይበቃል፦ «ክፍያ»፣ «ዕጣ»፣ «አባላት»። ስም ማንንም አያስቀይምም።

«ሰርዝ» ግን ከአክብሮትም በላይ ነው። እናንተ ጋ የክፍያ ገጹ ላይ «ሰርዝ» ማለት «ይቅርብኝ» ነው። አባላት ገጽ ላይ ደግሞ ያው «ሰርዝ» ሰውየውን ከዕቁቡ ያጠፋዋል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የቁጠባ አፕ ስንፈትን አንዲት የመርካቶ ነጋዴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የብሩን መጠን ተሳስታ ጻፈች፤ መመለስ ፈለገች። ያለው ቁልፍ «ሰርዝ» ነው። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት ይሰረዛል እንዴ?» አለችኝ። እኔ አልመልስም ብዬ ራሴን ገትቻለሁ። ትንሽ አየችኝ፣ ስልኩን አጠፋችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ቃሉን «ይቅር» አልነው፤ ችግሩ ጠፋ። እናንተም ክፍያው ላይ «ይቅር»፣ አባሉ ላይ «ከዕቁቡ ያስወጡ» በሉ።

እንዲሁም «በመጫን ላይ...» የሚለውን አውጡልኝ። አንድ ሽማግሌ ይህንኑ አንብበው ስክሪኑን ሲጫኑ አይቻለሁ። ትክክል ናቸው፤ ጫን ተብለዋል። «የዕቁቡን መዝገብ እያመጣን ነው» ማለት ምን ይከብዳል?

ስለ ፊደሉም አንድ ሁለት ነገር። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው በትልቅ ፊደል ያጎላውን እናንተ በውፍረትና በመጠን ማጉላት አለባችሁ። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለያት የጭረቷ ቦታ ብቻ ናት፤ በዚያ በምትወዱት ደቃቃ መጠን ይህቺ ጭረት ትጠፋለች። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ግን አይታይም። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የቀለም ንጽጽር ይጠይቃል። የእናንተ ግራጫ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ለኩት። ፍለጋውም ያናድዳል። መዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ያለውን ሰው «ሀይሉ» ብዬ ስፈልገው «አልተገኘም» አለኝ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ ጸ፣ ፀ። ስትፈልጉ እንደ አንድ ቁጠሯቸው፤ ስታሳዩ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ተዉት። ስሙ ነው፣ አርሙልኝ አላለም።

ሰዓቱ ላይ ሳቅኩ። ማስታወሻው «ዕቁብዎ ነገ 3:00 ላይ ይወጣል» አለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ለካ የስልኩ 3:00 ነው፣ ማለትም ከሰዓት 9። ሰው የሚያወራበትን ሰዓት ጻፉ፣ ከፊቱም «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የምትለዋን ቃል አትርሱ። የክፍያ ማብቂያውን ሌሊት 6 ሰዓት ማድረጋችሁም ራስ ምታት ነው። «ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት» ስትል እኛ ጋ ገና ሐሙስ ነው፣ ሰርቨሩ (አፑ የሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር) ጋ አርብ ገብቷል። ማብቂያው ማታ 2 ሰዓት ይሁንና ሁሉም ይረፍ። ዱባይ ያለች አባል ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ዋሽንግተን ያለው እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለእነሱ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን አሳዩአቸው።

የቀን መቁጠሪያውን በእጅ አታስሉ። «ከዓመቱ 7 ወይም 8 ቀንስ» የሚል ኮድ አንድ ቀን ያዋርዳችኋል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም፤ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፣ የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች። አይሲዩ (ICU) የሚባለው ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ብሮውዘሮችም ቀን ሲያሳዩ ይደግፉታል። ወርኃዊ ዕቁብ ላይ ጳጉሜ ምን እንደምትሆን ግን ላይብረሪ አይነግራችሁም። እሱን ዳኞቹን ጠይቁ።

ብሩ ጋ ደረስን። ክፍያ እየፈጸምኩ መሃል ላይ ዳታዬን አጠፋሁት፤ ሆን ብዬ ነው። ያቺ የምታምር ሳንቲም 40 ሴኮንድ ያህል ስትሽከረከር ቆይታ «ስህተት ተፈጥሯል» አለችኝ። አሁን ራስህን በእኔ ቦታ አድርገው። ብሩ ወጥቷል? አልወጣም? ድጋሚ ልክፈል? የአፕና የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሰፈራቸው ሦስት ቁጥሮች ዛሬም ይሠራሉ፦ እስከ 0.1 ሴኮንድ ሰው «ወዲያው» ይለዋል፣ እስከ 1 ሴኮንድ ሐሳቡ አይቆረጥም፣ ከ10 ሴኮንድ በላይ ግን ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ልቡ ወደ ሌላ አይሄድም፤ ይደነግጣል። ከ10 ሴኮንድ በኋላ ሳንቲሟን አቁሟትና ይህን ጻፉ፦ «ክፍያዎ መድረሱን እያረጋገጥን ነው። እባክዎ ድጋሚ አይክፈሉ። እንዳረጋገጥን በኤስኤምኤስ እናሳውቅዎታለን።» ከጀርባ ደግሞ ለእያንዳንዱ የክፍያ ሙከራ አንድ መለያ ቁጥር ስጡት። ሰውዬው ደንግጦ አምስት ጊዜ ቢነካ እንኳ ሰርቨሩ አንዴ ብቻ ይቆርጣል።

እዚህ ላይ ነው ወደ ወረቀት የተመለሱት ሰዎች ታሪክ የሚጀምር። የዕቁብ ጸሐፊን መዝገብ አስታውስ። በረድፍ ስም፣ በዓምድ ሳምንት፣ በየሳጥኑ ምልክት። ማንም ጎንበስ ብሎ ሃያውንም ሰው በአንድ ዓይን ያያል። አፓችሁ የሚያሳየኝ የራሴን ክፍያ ብቻ ነው። የሌላው ብር መግባቱን በምን አውቃለሁ? ያንን መዝገብ እንዳለ ስክሪኑ ላይ አምጡት። ግራፍ አያስፈልገውም።

ዕጣው።

በወረቀቱ ዕቁብ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ስሞቹ ይጻፋሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ ባርኔጣ ወይም ብርጭቆ ውስጥ ይገባሉ። ይናጣል። አንድ ልጅ ይጠራና እጁን ይከታል። ሁሉም የራሱ ስም መግባቱን አይቷል። ወረቀቱ ሲገለጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሌላው ይቀልዳል፣ ከዚያ እልልታ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰው ሳምንቱን የከፈለው ለብሩ ብቻ አይደለም፤ ለእነዚህም ሁለት ደቂቃዎች ነው።

እናንተ ጋ ሰርቨሩ በዓይን ጥቅሻ መረጠ። ማን አየ? ማንም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዕጣ ለዳኛዋ እህት ልጅ የወጣ ቀን አለቀላችሁ። ኮዱ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ግን አልታየም። የሃርቫርዶቹ ራያን ቡዌልና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የጉዞ ትኬት የሚፈልግ ድረ ገጽ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲያሳይ ሰዎች መጠበቁን ችለው አገልግሎቱን ይበልጥ እንደሚወዱት አሳይተዋል። ያው ውጤት ወዲያው ከሚመጣላቸው ይልቅ ሥራውን እያዩ መጠበቁን የመረጡበት ጊዜም አለ። ከዚህ ግን «እንግዲያው የውሸት መጠበቂያ እናስገባ» የሚል ትምህርት እንዳትወስዱ። የምታሳዩት በእውነት የሚሆነውን ይሁን።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የቀሩት ስሞች በሙሉ ይታያሉ፣ አንድ በአንድ እየተጠቀለሉ ብርጭቆው ውስጥ ይገባሉ። የራስህ ስም ሲገባ ስልክህ ትንሽ ይንቀጠቀጥ። ከላይ ማን ማን ገብቶ እያየ እንዳለ ይታያል። ዳኛዋ ከአባላቱ አንዱን ትሰይማለች፦ «ዛሬ የሚያወጡልን ጋሽ እገሌ ናቸው።» ጋሽ እገሌ ስልካቸውን ሲነኩ ነው ዕጣው የሚወጣው፤ ከዚያ በፊት ሰርቨሩ አይነካውም። ወረቀቱ በሦስት አራት ሴኮንድ ቀስ እያለ ይገለጣል። ያቺን ቆንጆ አኒሜሽናችሁን እዚህ ጋ አምጧት፤ ቦታዋ ይኸው ነው። ኔትወርክ የዘገየበት ሰው ከጎረቤት እልልታ ሰምቶ እንዳያውቅ፣ ስልኮቹ ሁሉ «ዝግጁ ነኝ» እስኪሉ አሥር ሴኮንድ ያህል ጠብቁ። ስማርት ስልክ የሌላት አባል በዚያው ቅጽበት ኤስኤምኤስ ይድረሳት፤ ስሟ ግን ብርጭቆው ውስጥ ከሌሎቹ እኩል ይታይ።

አሁን ደግሞ የረሳችሁት። ሃያ አባል ባለው ዕቁብ በየሳምንቱ ዕጣ የሚወጣለት አንድ ሰው ነው። የእናንተ የድል ስክሪን ለእሱ ተሠርቷል። ለቀሪዎቹስ? የተከፋ ፊትና «አልወጣልዎትም»። የአፓችሁን ዕድሜ የሚወስኑት እኮ እነሱ ናቸው። «የቀራችሁት 12 ናችሁ» በሏቸው። እውነት ነው፣ ደስም ይላል፣ ሳምንት በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል። ከሥሩ ለባለ ዕጣዋ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚልኩባት አንድ ቁልፍ ስጧቸው። ከዚያም አልፎ፣ ሰርግ የደረሰበት ወይም ሰው የታመመበት አባል ባለ ዕጣውን «ለእኔ ልቀቅልኝ» ብሎ የሚለምንበት ነገር ዕቁብ ውስጥ የነበረ ነው። ከእናንተ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ዕድሉ አፑን ዘግቶ መደወል ብቻ ነው። ሁለቱ ሲስማሙና ዳኛው ሲያጸድቅ ዕጣው የሚዞርበት ገጽ ሥሩ። ከመቶ ባጅ ይልቅ ሰው የሚያወራው ይህንን ነው።

የደረጃ ሰንጠረዡን ተዉት። «ቶሎ የከፈሉ» የሚል ዝርዝር ስታወጡ «የዘገዩ» የሚል ዝርዝርም አብራችሁ ማውጣታችሁ ነው። ታች የተሰለፈውን ሰው አሥራ ዘጠኝ ሰው ያየዋል፣ ከመሃላቸው አንዷ አማቱ ናት። በወረቀቱ ዕቁብ የዘገየን ሰው ዳኛው ለብቻው ጠርቶ ነው የሚያናግረው። መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ይሁን ካልኩ በኋላ ይህን ስል የተጋጨብኝ ይመስልህ ይሆናል። ልዩነቱ መዝገብ ባዶ ሳጥን ያሳያል እንጂ ሰውን አያሰልፍም፣ በቀይም አይቀባም። ቀዩ ማስታወሻ ለዳኛው ስልክ ብቻ ይሂድ።

ሰው «ዋው» አለን ያልከኝን አላመንኩም። ይቅርታ። እኛ አገር ፊትህ ተቀምጦ «ሥራህ አይገባም» የሚልህ ሰው ብርቅ ነው፤ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሥራ ስጡ፦ «ለዚህ ሳምንት 500 ብር ይክፈሉ።» ከዚያ አፍህን ዝጋ። እጅህንም ኪስህ ውስጥ ክተት፤ «እዚህ ጋ ይንኩት» ማለት ያምርሃል። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰው እንኳ 85 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣልሃል፤ አምስት ሰው ደግሞ ከቢሯችሁ በር ሳትርቁ ታገኛላችሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ዘዴ አለኝ። ሰውየው ከጨረሰ በኋላ ለጎረቤቱ እንዲያሳይ ለምነው። ለአንተ «በጣም ጥሩ ነው» ያለው ሰው ለጎረቤቱ «ይቺን እንዳትነካ፣ ይቺ ብር ትበላለች» ይላታል። ያንን ጻፍ። ፈተናውን ደግሞ በአንተ ስልክ አታድርጉት፤ በእነሱ አሮጌ ስልክ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ሊያልቅ 12 በመቶ የቀረው ባትሪ ይሁን።

07ን መቀበልና የቤተሰብ ስሟን ሳጥን ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ አድርጉት። የክፍያው መልእክት ይከተል። ዕጣው ወር ይፈጅባችሁ ይሆናል፣ አትቸኩሉበት። ወረቀቱ ሲገለጥ የሚሰማውን ድምፅ ግን ቀይሩት፤ የአሁኑ የቁማር ማሽን ይመስላል። አክስትህን እልል በይ በላትና ቅዳው።